ያላለቀ ሥራ ይዞ መምጣት

ዲፌንስ ላይ፣ ማለትም ተማሪው የጨረሰውን ጥናት በፈታኞች ፊት ሲከላከል፣ የሚሰጥ ጥሩ ሐሳብ ብዙ ጊዜ የዘገየ ሐሳብ ነው። ፈታኙ ወንዝ ያጠናውን ተማሪ «ከዚህ በላይ ያለውን ቦታ ለምን አላየኸውም?» ይለዋል። ተማሪው ያመሰግናል፣ ማስታወሻ ይይዛል። ግን ወንዙ ሞልቶ ጎድሏል። በጀቱም አልቋል። ከዚያ በኋላ የሚስተካከለው ጽሑፉ እንጂ ሥራው አይደለም።

ሰሞኑን ይህን ደጋግሜ አስባለሁ። እኛ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ እየተገናኘን ያላለቀ ሥራችንን እርስ በርስ ማሳየት ጀምረናል። ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። ያለን አንድ ክፍል ነው። ፕሮጀክተሩ እንቢ ሲል በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። ደንባችንም ጥቂት ነው። አማካሪዎች አይገቡም። ስላይዱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ማብራሪያውና ክርክሩ በአማርኛ ነው። የሚቀርበው ደግሞ ያማረው ውጤት ሳይሆን ያስጨነቀን ነገር ነው።

በአማርኛ መሆኑ ብዙ ነገር ቀይሯል። ሴሚናር ላይ ድምፃቸው ተሰምቶ የማያውቅ ልጆች እዚህ ይከራከራሉ። አቅራቢውም ከባድ ቃል ደርድሮ ማለፍ አይችልም። ከሌላ ሙያ ለመጣ ሰው በአማርኛ ማስረዳት ካቃተኝ ነገሩ ለራሴም ገና አልገባኝም ማለት ነው። ይህን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ።

የእኔ ሥራ ዓሣ ነው። ጣና ውስጥ ላቤኦባርበስ የሚባሉ፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች አሉ። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ በሚባል ሐይቅም እንዲህ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ተባዝተው የተለያዩ የዓሣ ዝርያዎች ነበሩ። እነሱ ጠፍተዋል ማለት ይቻላል። የኛዎቹ ግን አሁንም አሉ። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። እንቁላላቸውን ለመጣል ጠጠርና ፈጠን ብሎ የሚወርድ ንጹሕ ውሃ ይፈልጋሉ።

ይህን የሚያውቀው ግን ተመራማሪ ብቻ አይደለም። አንዱ ወንዙ ሐይቁን የሚቀላቀልበት አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። ሌላው ከፍ ብሎ ብርብራ የሚባለውን ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ኩሬው ላይ ይበትናል። የብርብራ መርዝ ትልቅ ትንሽ አይመርጥም። እንቁላል ያዘለችውም፣ ጣት የማታክለውም አብረው ይንሳፈፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት ውስጥ ብቻ የእነዚህ ዓሦች ብዛት በ75 በመቶ ገደማ ማሽቆልቆሉ ተጠንቶ ታትሟል። በዋና ምክንያትነት የተጠቀሱትም መረቡና ብርብራው ናቸው። እኔም ወደ ሥራው የገባሁት ይህን ይዤ ነው።

ተራዬ ደርሶ ሳቀርብ አንድ ያልገባኝን ግራፍ አሳየኋቸው። ጉማራ ላይ አንድ ቦታ አለ። ትልልቆቹ ዓሦች ይደርሱበታል፣ ጫጩት ግን የለም ማለት ይቻላል። በአካባቢው ብርብራ ስለመጠቀማቸው ጠይቄ ነበር፤ እዚያ ቦታ እንኳ የለም አሉኝ።

ከፖሊ፣ ከመሐንዲሶቹ ግቢ፣ የመጣው ልጅ ከወንበሩ ብድግ አለ። እሱ የሚያጠናው ወንዙ ይዞት የሚወርደውን ደለል ነው።

«ካርታውን እስቲ መልሰው። ይሄ ከድልድዩ በላይ ያለው መታጠፊያ አይደል?»

«አዎ፣ እሱ ነው።»

«ታዲያ ጠጠሩ የት አለና! ሲኖትራክ ጭኖ ጨርሶታል እኮ። በጋ ላይ ተሰልፈው ነው የሚጭኑት።»

እኔ ጉማራ የምሄደው ክረምት ነው። ዓሣው የሚወጣው ያኔ ነዋ። ወንዙ ሙሉ ስለሆነ ከሥሩ ምን እንደተወሰደ አይታይም። እሱ ደግሞ የሚሄደው በጋ፣ ውሃው ሸሽቶ የወንዙ ወለል ሲገለጥ ነው። ያንኑ መታጠፊያ በሜትር እየለካ ወለሉ ምን ያህል እንደወረደ መዝግቧል። እኔም በበኩሌ ናሙና በወሰድኩ ቁጥር የውሃውን ድፍርስነት እለካለሁ። የእሱ ሠንጠረዥ ላይ ክረምቱ ባዶ ነበር። የሁለታችንን ፋይል ጎን ለጎን ስንከፍተው የእኔን በጋ እሱ፣ የእሱን ክረምት እኔ ይዤው ኖሬያለሁ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ያቅተኛል። ከጉና ተራራ ሥር ተነስቶ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ጣና የሚገባ አንድ ወንዝ ላይ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ስም፣ ሁለት ሰዎች ሳንተዋወቅ ስንሠራ ነበር።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን አውቃለሁ። ዩኒቨርሲቲያችን ሲጀመርም ሁለት ቤት ነበር። ፖሊ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1963፣ ፔዳ ደግሞ በ1972 ነው። በ1992 ዓ.ም. አንድ ላይ ተዋሕደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ግቢው እየበዛ ሄዷል። ይባብ አለ፣ ጥበበ ጊዮን አለ፣ እኛ ደግሞ አባይን ተሻግረን ዘንዘልማ ነን። የመሐንዲሱና የዓሣ ተመራማሪው ሰርቪስ ለየብቻ፣ ካፌውም ለየብቻ ነው። ሰው ከሰው ካልተገናኘ ደግሞ ዳታም አይገናኝም።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የዛሬ ሁለት ሳምንቱ ነው። አንዲት እህታችን የፎገራን የሩዝ ገበሬዎች ኑሮ ታጠናለች። ሩዝ ፎገራ የገባው በደርግ ዘመን ነው፤ ዛሬ ክረምት ውሃ የሚተኛበት ያ ሜዳ የሚታወቀው በሩዝ ሆኗል። መጠይቋን አንድ በአንድ አነበበችልን። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ባለፈው ዓመት ከአንድ ጥማድ ስንት ኩንታል አገኙ?» የሚል ነበር። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡን፣ ወረታ አካባቢ ለረጅም ጊዜ ያስተማሩ ሰው አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መነጽራቸውን አወለቁና፦

«ልጄ፣ እንዲህ ብለሽ ከጠየቅሽው ገበሬው አሳንሶ ነው የሚነግርሽ። ግብር ሊጨምሩብኝ ነው ብሎ ይሠጋል» አሏት።

«እሺ ጋሼ፣ ታዲያ እንዴት ብዬ ልጠይቃቸው?»

«ቀለቡ እስከ መቼ አደረሳችሁ በያቸው። እስከ ሰኔ ካሉሽ አንድ ነገር ነው፣ እስከ መስከረም ካሉሽ ሌላ። ባልየውን ብቻ ሳይሆን እናትየዋንም ጠይቂ። ጎተራውን የምታውቀው እሷ ናት።»

ልጅቷ እዚያው ቁጭ ብላ መጠይቋን አስተካከለች። እስካሁን የሄደችበት ቤት የለም። ገና ልትጀምር ነበር። ጋሼ ይህንኑ የተናገሩት ዲፌንሷ ላይ ቢሆን ኖሮ ምን ትሠራበት ነበር?

ሐሳባቸውን ለማሳየት የሚፈሩ አሉ። «ቢወስዱብኝስ?» ይላሉ። አልፈርድባቸውም። አርቲክል ሳያሳትሙ መመረቅ በማይቻልበት ቦታ ሰው ለሐሳቡ ቢሳሳ አይገርምም። መንገድ ሲዘጋ ፊልድ ሳይወጣ የሚያልፍ ወቅት አለ፤ በዚህ ሁሉ መካከል የተገኘች ጥቂት ዳታ ውድ ናት። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ለሥጋታቸው መላ ያበጀነው በቃለ ጉባኤ ነው። ማን ምን እንዳቀረበ፣ ማን ምን ሐሳብ እንደሰጠ ቀን ተጽፎበት ማታውኑ ለሁላችንም በኢሜይል ይላካል። ነገ ክርክር ቢነሳ ቀኑ ይመሰክራል። ሐሳቡ የረዳን ሰው ስሙ ምስጋናው ላይ ይሰፍራል፤ ዳታ ያዋጣ ሰው ደግሞ አብሮ ጸሐፊ ይሆናል። ይህን ከጻፍን ወዲህ ሁለት ሰዎች ፍርሃታቸውን ትተው ተመዝግበዋል።

አንድ የጎደለን ነገር አለ። ስለ ሐይቁ ይህን ሁሉ ስናወራ በሐይቁ የሚኖር ሰው በመካከላችን የለም። ጣና ላይ መረብ ሲጥል የኖረ ዓሣ አጥማጅ እኔ በሦስት ክረምት ያየሁትን ዕድሜውን ሙሉ አይቶታል። እምቦጭ የሚባለው አረም እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መታየቱ ሲነገር፣ መረቡና ታንኳው በአረሙ የተያዘበት እሱ ነው። ሐሳቤን ላቀርብ ነው፤ በወር አንድ ሐሙስ ክፍሉን ትተን ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ አጥማጆቹ ከሥራ ሲመለሱ እዚያው ብናቀርብላቸውስ? ያለ ስላይድ። አንዳንዶቹ ጓደኞቼ «መጀመሪያ እኛ እንጠንክር» ይላሉ። እኔ ግን ዓሣ አጥማጆቹም ቢሆኑ መስማት ያለባቸው ሥራው ሳያልቅ ነው ባይ ነኝ። ካለቀ በኋላ የምንነግራቸው ውሳኔ ይሆንባቸዋል።

የኔን ነገር በተመለከተ፣ ከጠጠር ማውጫው በላይ ጠጠሩ ያልተነካ አንድ ቦታ መጨመር እፈልጋለሁ። ሁለቱን ሳላወዳድር ጫጩቶቹን ያጠፋው የጠጠሩ መጫን ነው ብዬ መጻፍ አልችልም። መንገዱ ክፍት ከሆነ ግንቦት ላይ ከፖሊው ልጅ ጋር አብረን እንሄዳለን፤ ወንዙ ሳይሞላ ወለሉን በዓይኔ ላየው ነው። ለተጨማሪው ቦታ ገንዘብና የአማካሪዬ ፈቃድ ያስፈልጋል። ማመልከቻውን በአንድ ገጽ ጽፌ ጨርሻለሁ። ከማስገባቴ በፊት ሐሙስ ለጓደኞቼ አነብላቸዋለሁ።