ከሰሉን ተከትዬ የታይን ወንዝ መንደሮችን እንዴት እንዳጠናሁ

የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የከሰል አገር ማወቅ የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከባቡርና ከስቲም ሞተር ነው፣ ከነ ጆርጅ ስቲቨንሰን ማለት ነው። እኔ የሄድኩበት መንገድ ሌላ ነው፤ ከሰሉን ራሱን ያዝኩና መሬት ውስጥ ከተፈለጠበት ቦታ ጀምሬ ለንደን የሚሄደው መርከብ ላይ እስኪጫን ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ተከተልኩት፣ ይሄን ከሰል የነካው ሰው ማነው፣ ማታ የት ያድራል፣ በምን ሒሳብ ይከፈለዋል፣ ልጁስ ምን ሥራ ያዘ እያልኩ። አገሩ ሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ውስጥ የታይን ወንዝ ዳር ነው፣ ላይ ከዋይላም ጀምሮ እነ ኒውበርንን፣ ሌሚንግተንን፣ ዊክሃምን፣ ጌትስሄድን፣ ፌሊንግን፣ ዎልሴንድን፣ ጃሮውን አልፎ ባሕሩ አፍ ላይ እስካሉት ሁለቱ ሺልድሶች፣ ሰሜንና ደቡብ ሺልድስ፣ ድረስ። እዚሁ ጌትስሄድ ስለምኖር በእግሬ የምደርስበት ነው፣ ግን ከሩቅ ሆኖም በደንብ ይሠራል፣ ካርታውም መዝገቡም አብዛኛው ኦንላይን አለ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።)

መጀመሪያ መጥራት ያለበት የቦታ ጉዳይ ነው። ዛሬ የምናውቀው የከተማ ስም ለዛ ዘመን መዝገብ ብዙም አይጠቅምም፣ መዝገቡ የሚሄደው በታውንሺፕ ነው፣ ታውንሺፕ የሚሉት የአጥቢያ ክፋይ የሆነ ትንሽ አካባቢ ነው። የሰሜን እንግሊዝ አጥቢያዎች በጣም ሰፋፊ ስለነበሩ በ1662 የወጣው የድሆች ሕግ እያንዳንዱ ታውንሺፕ የራሱን ድሃ ለብቻው እንዲረዳ ፈቀደ፣ ስለዚህ አንድ የኒውበርን አጥቢያ ውስጥ ብዙ ታውንሺፖች አሉ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ግብር ሰብሳቢ የየራሳቸው ድሃ ያላቸው። በዛ ላይ ወንዙ የሁለት አውራጃ ድንበር ነው፣ ሰሜኑ ኖርዘምበርላንድ ደቡቡ ደርሃም፣ ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ጀልባ ይዞ ወንዙን ከተሻገረ ወረቀቱም ሌላ አውራጃ መዝገብ ቤት ገባ ማለት ነው። የምፈልገው ሰው ድንገት ሲጠፋብኝ መጀመሪያ የማየው ከወንዙ ማዶ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ እዛ ይገኛል። የድሮ ካርታ ለሚፈልግ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ዌብሳይት በነፃ አስቀምጦታል፣ የ1850ዎቹን ካርታ ከዛሬው ሳተላይት ምስል ጋር ደርባችሁ ማየት ትችላላችሁ፣ ሱፐርማርኬት ያለበት ቦታ ላይ የከሰል ጉድጓዱን ከነሐዲዱ ታገኙታላችሁ።

ቀጥሎ የገባኝና ሌላውን ሁሉ የፈታልኝ ነገር ድልድዩ ነው። በ1781 ያለቀው የኒውካስል የድንጋይ ድልድይ ቅስቶቹ ዝቅ ያሉ ስለነበሩ ምሰሶ ያለው መርከብ አያልፍም፣ ወንዙም ጥልቀት አልነበረውም፣ ስለዚህ ከድልድዩ በላይ ያለ ጉድጓድ ከሰሉን በፈረስ በሚጎተት ጋሪ በእንጨት ሐዲድ ላይ አድርጎ ወንዝ ዳር ወዳለው ስቴይዝ ያወርዳል፣ ስቴይዝ የሚሉት ውኃው ላይ ወጣ ብሎ የተሠራ የእንጨት መጫኛ ነው፣ ከዛ ኪል የምትባል ሰፊና ጠፍጣፋ ጀልባ ላይ ይገለበጣል፣ ኪሏ ወደ 21 ቶን ትይዛለች፣ ሦስት ወንድና አንድ ልጅ ሆነው የባሕሩ ውኃ ሲሸሽ አብረው ወደ ባሕሩ አፍ ያወርዷታል፣ እዛ ደርሰው ደግሞ ያን ሁሉ ከሰል በአካፋ ወደ ላይ ወደ መርከቡ ይወረውሩታል። በአካፋ፣ 21 ቶን! ሠራተኞቹ ኪልመን ይባላሉ፣ አብዛኞቹ ከኒውካስል ግንብ ውጪ ሳንድጌት በሚባለው ሰፈር ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር። እነዚህ ሰዎች ከደሞዛቸው እያዋጡ በ1701 ለሸመገሉና ለታመሙ ጓደኞቻቸው መጠለያ ሠርተዋል፣ ሕንፃው እስካሁን ሲቲ ሮድ ላይ ቆሟል። ኪልመን ሆስፒታል ይባላል። ማንም መንግሥት ሳይረዳቸው፣ የጡረታ ሕግ የሚባል ነገር በሌለበት ዘመን ይሄን ማድረጋቸው እኔን በጣም ነው የሚያስደንቀኝ፣ የኛን ዕድር የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይገባዋል።

ከድልድዩ በታች ያሉት እነ ዎልሴንድ ግን ኪል አያስፈልጋቸውም፣ መርከቡ ስቴይዛቸው ሥር ይመጣል፣ ከሰሉ በቀጥታ ይገባል። የዎልሴንድ ከሰል ለንደን ውስጥ እንደ ብራንድ ሆኖ ነበር። ኪልመኖቹ በ1819 እና በ1822 ሥራ ያቆሙት በዚህ ምክንያት ነው፣ በቀጥታ መጫኑ እየበዛ ሲሄድ እንጀራቸው እየተወሰደ መሆኑን አይተውታል። በ1850 የታይን ማሻሻያ ኮሚሽን ተቋቁሞ ወንዙን መቆፈርና ማስተካከል ጀመረ፣ በ1876 ደግሞ በድሮው ድልድይ ቦታ ለመርከብ እየዞረ የሚከፈት፣ ዛሬም እዛው የቆመው የአርምስትሮንግ ስዊንግ ብሪጅ ተከፈተና መርከብ ወደ ላይ መውጣት ቻለ፣ በቃ፣ የኪል ነገር አበቃ። ሌሚንግተን ደግሞ በተመሳሳይ ዘመን ወንዙ ሲቀና ዋናው ውኃ ከፊቱ ተወስዶ ዳር ቀረ። እና አንድ ታውንሺፕ ምን ሥራ እንዳለው ከመጠየቄ በፊት ከድልድዩ በላይ ነው በታች፣ ከ1876 በፊት ነው በኋላ ብዬ እጠይቃለሁ፣ ግማሹ መልስ እዛው ነው ያለው።

ወደ ጉድጓዱ ስንገባ የሥራ ዓይነቱ ብዛት ያስገርማል። የሕዝብ ቆጠራ ጻፊው ዝም ብሎ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ብሎ ያለፈበት ቤት አለ፣ በዝርዝር የጻፈበትም አለ። ከሰሉን በዶማ የሚፈልጠው ሂወር ይባላል፣ ጎልማሳና ጉልበተኛ ነው፣ የሚከፈለው በፈለጠው ልክ ነው፣ ስለዚህ በየጋሪው ላይ የራሱን ምልክት ያንጠለጥላል፣ እላይ ያለው መዛኝ ያጭበረብራል የሚለው ጠብ ለብዙ ዓመት የዘለቀ ነው፣ ሠራተኞቹ የራሳቸውን መዛኝ የማስቀመጥ መብት በሕግ ያገኙት በ1860 ነው። ጋሪውን የሚገፋው ፑተር ወጣት ነው። ትራፐር የሚባሉት ደግሞ ሕፃናት ናቸው፣ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለው የአየር መቆጣጠሪያውን በር ጋሪ ሲመጣ መክፈት፣ ሲያልፍ መዝጋት፣ ቀኑን ሙሉ። የ1842ቱ ሕግ ሴቶች በሙሉ፣ ከ10 ዓመት በታች ያሉ ወንዶች ልጆችም፣ መሬት ውስጥ እንዳይሠሩ ከለከለ። አንድን ልጅ ከቆጠራ ወደ ቆጠራ ስትከተሉት ከበር ከፋችነት ወደ ገፊነት፣ ከገፊነት ወደ ፈላጭነት ሲያድግ ታያላችሁ፣ ሲያረጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጉድጓድ አፍ ላይ ወዳለ ቀላል ሥራ ይመለሳል፣ ድንጋይ ከከሰል መለየት ምናምን።

አሁን ብዙ ሰው የሚያልፈውን ነገር ልንገራችሁ። የ1841 ቆጠራ ስም አለው ግን የአዋቂዎችን ዕድሜ ወደ 5 እያጠጋጋ ነው፣ የት እንደተወለዱም በደንብ አይነግራችሁም። ከ1851 ጀምሮ ግን የትውልድ አጥቢያ ይጻፋል። የአባትየውን ሥራ አንብባችሁ አትለፉ፣ የልጆቹን የትውልድ ቦታ በተርታ አንብቡት። የመጀመሪያው ሄተን፣ ሁለተኛው ዎልሴንድ፣ ሦስተኛው ወንዝ ተሻግሮ ሄብርን፣ ትንሿ ፌሊንግ፣ ዓይነት ነገር ይመጣል፣ በዕድሜያቸው ልዩነት ደግሞ ቤተሰቡ በየስንት ዓመቱ እንደተነሳ ታውቃላችሁ። ለምን እንዲህ ይንከራተታሉ? ምክንያቱ ቦንድ የሚባለው ውል ነው። ማዕድን ሠራተኛው በዓመት አንዴ ይፈርማል፣ ማንበብ ለማይችለው ጮክ ተብሎ ይነበብለትና የመስቀል ምልክት ያደርጋል፣ ከፈረመ በኋላ ጥሎ ቢሄድ ይታሰራል፣ ቤቱም የባለ ጉድጓዱ ነው፣ ስለዚህ ውሉ ሲያልቅ ካልተስማሙ ከነልጆቹ ዕቃውን ጭኖ ወደ ሌላ መንደር ነው። በ1831 ቶማስ ሄፕበርን የሚባል ማዕድን ሠራተኛ የሠራተኞች ማኅበር አደራጀ፣ በ1844 ትልቁ አድማ ሲደረግ ባለ ጉድጓዶቹ ቤተሰቦችን ከየቤቱ አስወጥተው ሜዳ ላይ በትነዋል፣ ቦንዱ የቀረው በ1872 ነው። ይሄን ሁሉ ሳውቅ ያ የልጆች የትውልድ ቦታ ዝርዝር የአንድ ቤተሰብ የስደት ታሪክ ሆኖ ታየኝ፣ አገር ለቆ የወጣ ሰው ይሄን ዝርዝር ዝም ብሎ ማንበብ አይችልም።

ሌላው የሥራ መረጃ የሚገኝበት፣ ቢከብድም፣ የሟቾች ዝርዝር ነው። በ1812 ግንቦት ወር ፌሊንግ ላይ ጋዝ ፈንድቶ 92 ሰው ሞተ፣ ከነሱ ውስጥ ልጆች ብዙ ናቸው። በ1815 ሄተን ላይ የድሮ ባዶ ጉድጓድ ውኃ ሰብሮ ገብቶ 75፣ በ1835 ዎልሴንድ ላይ 102። ከወንዙ ወጣ ብሎ ኒው ሃርትሊ ላይ በ1862 የውኃ መሳቢያው ሞተር ትልቁ ብረት ተሰብሮ ብቸኛውን መውጫ ደፈነውና 204 ሰው ታፍኖ አለቀ፣ በዛው ዓመት ማንኛውም ጉድጓድ ሁለት መውጫ እንዲኖረው ሕግ ወጣ። ዝርዝሩ ላይ ስም፣ ዕድሜና ሥራ ስላለ፣ ከ1841 ወዲህ ያለውን ደግሞ ከቆጠራው ጋር ስታገናኙት ማን ከማን ጋር ይሠራ እንደነበር ይታያል፣ አባትና ልጆች አንድ ላይ፣ ወንድማማቾች አንድ ላይ። የፌሊንጉ አደጋ ነው ጋዙን የማያቀጣጥል የደህንነት ፋኖስ እንዲፈለግ የገፋፋው፣ በ1815 ሳይንቲስቱ ሃምፍሪ ዴቪም ስቲቨንሰንም እየራሳቸው ሠሩት። የደርሃም ማይኒንግ ሚውዚየም ዌብሳይት እነዚህን ስሞች በየጉድጓዱ ሰብስቧቸዋል፣ ትልቅ ሥራ ነው የሠሩት።

ከሰል ባለበት ደግሞ ከሰል ብቻ የለም። እሳት የሚፈልግ ሥራ ሁሉ ወንዙን ይዞ ተደርድሯል፣ ሌሚንግተን መስታወት፣ ዊንላተን ሰንሰለትና ምስማር፣ አውስበርን ሸክላ፣ ፌሊንግና ሄብርን ኬሚካል፣ ጃሮው ከ1852 ጀምሮ የፓልመር የመርከብ ግንባታ፣ በዛው ዓመት የወጣችው ጆን ቦውስ የምትባለው ስቲም መርከብ 650 ቶን ያህል ከሰል ይዛ ነፋስ ሳትጠብቅ ለንደን ደርሳ ትመለስ ነበር። እኔ በጣም የወደድኩት የባላስቱን ነገር ነው፦ መርከቦቹ ከለንደን ባዶ ሲመለሱ እንዳይገለበጡ አሸዋና ጠጠር ይጭናሉ፣ ወንዙ ውስጥ መድፋት ክልክል ስለሆነ ዳር ላይ ይከመራል፣ ክምሩ ኮረብታ ይሆናል፣ ያንን ማውረድና መከመር ራሱ የብዙ ሰው መተዳደሪያ ነበር። ካርታ ላይ ወንዝ ዳር ባላስት ሂል የሚል ካያችሁ ቀና ብላችሁ ቆጠራው ውስጥ አውራጆቹን ፈልጓቸው።

የሴቶቹን ሥራ በተመለከተ የቆጠራው ሥራ የሚለው ሳጥን አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው፣ ያንን ባዶ ሥራ የላትም ብሎ መቁጠር በጣም ትልቅ በደል ነው። ባል አንዱ ፈረቃ፣ ልጅ ሌላው ፈረቃ፣ ተከራዩ ሦስተኛው ሆነው በሚገቡበት ቤት በየሰዓቱ ውኃ እየተሞቀ ገላ ይታጠባል፣ ጥቁር ልብስ ይራገፋል፣ ዳቦ ይጋገራል። ስለዚህ አሁን በየቤቱ ስንት ወንድ እንደሚሠራና ስንት ተከራይ እንዳለ ቆጥሬ ከሚስትየው ወይም ከትልቋ ልጅ ስም ጎን እጽፈዋለሁ፣ ሥራዋን የሚያሳየኝ እሱ ነው።

መጀመር ለሚፈልግ፣ አንድ ትንሽ ታውንሺፕ ብቻ ያዙ፣ የ1851ን ቆጠራ በሙሉ በኤክሴል አስገቡት፣ ከዛ ለነዛው ቤቶች 1861ን ጨምሩ። የቆጠራ ዌብሳይቶቹ ያስከፍላሉ ግን እንግሊዝ ውስጥ ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተራቸው ላይ በነፃ ያስገባሉ፣ የ1881ዱ ደግሞ ተተይቦ በነፃ ኦንላይን አለ። ኒውካስል መሀል ያለውን በ1852 የተቋቋመውን የማዕድን መሐንዲሶች ኢንስቲትዩት ላይብረሪም እዩት፣ የጉድጓዶቹ መረጃ እዛ ነው ያለው። እኔ ፌሊንግን ጨርሼ አሁን ወደ ዊክሃም ገብቻለሁ፣ ከድልድዩ በላይ ስለሆነ ኪልመኖቹ ከ1876 በኋላ ምን ሥራ እንደያዙ በየስማቸው መከተል እፈልጋለሁ፣ የ1871ን እና የ1881ን ቆጠራ ጎን ለጎን አድርጌ።