በውሰት የሄደው ልጅ

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ታኅሣሥ ገብቷል፤ የደብረ ብርሃንን ታኅሣሥ የቀመሰ ያውቀዋል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሜዳው በውርጭ ነጭ ብሎ ነበር። ልጆቹ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ወሽቀው አንድ በአንድ መጡ። አንዱ ብቻ ቀረ። ቀጭኑ፣ አማካዩ። ለምን እንደቀረ አላጣሁትም።

ሐሙስ ዕለት ለአንድ ቡድን የታዳጊዎች ምልመላ ወስጄው ነበር። ሃያ ደቂቃ አጫወቱት። ኳሷ ሳትደርሰው ግራና ቀኙን ያያል። አንዴ ነክቶ ይለቃታል። የሚሮጠው ልጅ እግር ላይ ታርፋለች። እኔ ከመስመሩ ውጪ ቆሜ ልቤ ይመታል። ሲያልቅ አሰልጣኙ ወደ እኔ መጣና "ልጁ ኳስ ይችላል" አለኝ። የሚቀጥለውን ከፊቱ አነበብኩት።

"ግን ሰውነት የለውም። ለከርሞ ይምጣ።"

ለከርሞ! ዘንድሮ የት እንደሚያድር ለማያውቅ ልጅ ለከርሞ ይባላል?

ልጁ የሚኖረው እዚሁ ከተማችን የተፈናቃዮች መጠለያ ውስጥ ነው። ከእናቱና ከሁለት እህቶቹ ጋር። አባቱ የሉም። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ታሪኩ የራሱ ነው። መጀመሪያ ያየሁትም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀው በሠሯት ኳስ ይጫወታሉ። ግቢው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ከታች በኩል የፍሳሽ ቦይ አለ። ኳሷ እዚያ ከገባች አለቀላት። ጨርቁ ውሃ ይጠጣና ድንጋይ ትሆናለች። ሌሎቹ ቦዩን ፈርተው ወደ ላይኛው ጥግ ይሸሻሉ። እሱ ግን ቦዩ አፋፍ ላይ ቆሞ፣ በቀኝ እግሩ ውጪ፣ በትንሿ ጣት በኩል ጠምዝዞ ይልካታል። ወደ ቦዩ የምትሄድ ትመስልና ዞራ ወደ ጓደኛው ትመጣለች። አንዴ ቢሆን ዕድል ነው እላለሁ። ደጋገመው። ይህን ማን አሳየህ ስለው ጥያቄው ራሱ ግራ ገባው።

"እንዲህ ካልመታኋት ቦይ ትገባለቻ፣ ቲቸር!"

ክሮሺያዊው አማካይ ሉካ ሞድሪች ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። በ2022 ቼልሲ ላይ፣ በሻምፒዮንስ ሊጉ ሩብ ፍጻሜ፣ ለሪያል ማድሪድ ጓደኛው ለሮድሪጎ በእግሩ ውጪ ያሻገራትን ኳስ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ማድሪድ ሊወድቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነበር። ጠባሴ አንድ ካፌ ውስጥ ነበርኩ፤ የማላውቀው ሰው አቅፎኝ ጮኸ።

ሐሙስ ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነስቼ የሞድሪችን የጅማሬ ዓመታት ደብተሬ ላይ ማስፈር ጀመርኩ፣ ለልጁ እንድነግረው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

በ1985 ተወለደ። ያደገው ከክሮሺያዋ የባሕር ዳር ከተማ ከዛዳር ወጣ ብሎ፣ ቬሌቢት ተራራ ሥር፣ ጥቂት ቤቶች ባሏት መንደር ነው። ስሙ የአያቱ ስም ነው። አያቱ መንገድ ጠጋኝ ነበሩ። ገና ጨቅላ ሳለ በትር ይዞ ፍየል ሲነዳ የሚያሳይ ፊልም አለ። አየሩ ይነፍሳል፣ ድንጋዩ ባዶ ነው። መንዝ ላይ በግ የሚጠብቅ ሕፃን ያየ ሰው ቦታው አይጠፋውም፤ ባና ብቻ ነው የሚጎድለው።

በ1991 ዲሴምበር ላይ፣ በክሮሺያ የነጻነት ጦርነት፣ አያቱ ተገደሉ። ቤታቸው ተቃጠለ። ልጁ ስድስት ዓመቱ ነበር። ቤተሰቡ ወደ ዛዳር ሸሸና ኮሎቫሬ የሚባል ሆቴል ውስጥ ተጠለለ። ሆቴል ሲባል ምቾት እንዳይመስላችሁ። ተፈናቃይ የታጨቀበት ክፍል ነው፤ ከተማዋ ላይም ከባድ መሣሪያ ይወርድ ነበር። ሉካ በሆቴሉ መኪና ማቆሚያ ላይ ኳስ ይጫወታል። በስደተኛ ሆቴል የኖሩት ለዓመታት ነው።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ "መከራው ነው ያጠነከረው" ይላሉ። በሬዲዮም ሰምቼዋለሁ። እኔ ግን አልቀበለውም። እዚያ ሆቴል ውስጥ ስንት ሌላ ልጅ ነበረ! መከራው ለሁሉም እኩል ነበር። የእኛም መጠለያ ልጆች መከራ አላነሳቸውም። የሚያንሳቸው ሌላ ነው። ሉካን የለየው፣ ያ ሆቴል ውስጥ ኳስ ከእጁ የማትለይ ትንሽ ልጅ አለ የሚለው ወሬ ዛዳር ክለብ ውስጥ የሚሠሩት ዮሲፕ ባይሎ ጆሮ መግባቱና ሰውየው ሄደው ማየታቸው ነው። በ1992 ትምህርት ቤት ሲገባ የክለቡን አካዳሚም አብሮ ጀመረ። አንድ አዋቂ ከቢሮው ተነስቶ ሄደ፣ በቃ። እኔ ከታሪኩ ሁሉ የምወደው ይህችን ነው።

ከዚያም ቢሆን አልጋ ባልጋ አልሆነለትም። ልጅ ሆኖ ትልቁ ክለብ ሀይዱክ ስፕሊት ለሙከራ ሄዶ ነበር። ትንሽ ነህ፣ ቀጭን ነህ ብለው መለሱት። ሰውነት የለውም ማለት ነው፣ በእኛ አነጋገር። የአካዳሚው ኃላፊ ቶሚስላቭ ባሺች ግን አልለቀቁትም። 16 ዓመት ሲሞላው ወደ ዲናሞ ዛግሬብ መንገድ ያበጁለት እሳቸው ናቸው። ሞድሪች የኳስ አባቴ የሚላቸውም እሳቸውን ነው።

ዲናሞም ቢሆን ወዲያው ዋናው ቡድን ውስጥ አላስገባውም። በ2003 በውሰት ወደ ቦስኒያ ላከው፣ ለዝሪንስኪ ሞስታር። ሊጉ ጉልበት የነገሠበት፣ ለቀጫጭን አማካይ የማያዝን ነው። እዚያ የተጫወተ የትም ይጫወታል ብሎ በኋላ ተናግሯል። ያን ዓመት፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ቀጥሎ ደግሞ ኢንተር ዛፕሬሺች፣ አሁንም በውሰት። ቶተንሃም፣ ማድሪድ፣ የ2018ቱ ባሎን ዶር (የዓለም ምርጥ ተጫዋች ሽልማት)፣ ሁሉም ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። እሱን ልጁም ያውቀዋል።

ዛሬ ከልምምድ በኋላ ደብተሬን ይዤ መጠለያው ሄድኩ። እናቱ ከሰል ላይ ቡና ይቆላሉ።

"ይግቡ መምህር። ከሐሙስ ጀምሮ እህል በወጉ አልቀመሰልኝም" አሉኝ።

ልጁ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ግድግዳውን ያያል። ሰላምታዬን በአንገቱ መለሰ። ደብተሩን ገልጬ ማንበብ ጀመርኩ። ፍየሎቹ ጋ ስደርስ ዞረ። ሆቴሉ ጋ ስደርስ ተነስቶ ተቀመጠ። ስለ ሉካ አያት ማንበብ ከብዶኝ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ፤ እናቱ ማማሰያውን ይዘው ቀሩ፣ ቡናው ሊያር ነበር። ማንም ምንም አላለም። ወደ ሞስታር አለፍኩ።

"በውሰት ማለት?" አሉ እናቱ። "ሰው እንደ ወንፊት ይዋሳሉ እንዴ?"

ይዋሳሉ አልኳቸው። አንዱ ቡድን ለሌላው ያውሰዋል፣ ጊዜው ሲደርስ ይመልሱታል። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። የቤቱ ምጣድም፣ ሲኒውም፣ የተቀመጥኩባት ዱካም የሰው እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ።

"ሲመልሱት ቦታው ነበረ?"

"ነበረ" አልኩት። "ዲናሞ የ10 ዓመት ውል አስፈረመው። በዚያ ውል ዛዳር ላይ ለቤተሰቡ ቤት ገዛ።"

እናቱ ቡናውን ቀዱ። ሲኒውን ሲያቀብሉኝ እጃቸው ላይ አመድ ነበር። ልጁ ደብተሩን ተቀበለኝና ራሱ ማንበብ ጀመረ፣ ሞስታር የምትለዋን መስመር በጣቱ እየተከተለ።

ለከርሞ አልጠብቅም። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ መልማይ መጥቶ የሚያየን በስንት ጊዜ አንዴ ነው። ግን እዚሁ የሰፈር ወጣቶች እሁድ እሁድ ይጫወታሉ። ጎረምሶች ናቸው፣ ጨዋታቸው ይከብዳል። ነገ ከእነሱ ጋር አስገባዋለሁ። ታኬታ ከአንዱ ተማሪዬ ተውሼለታለሁ፤ ትንሽ ይሰፋዋል፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ እናደርጋለን።

ለእናቱ ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ።

"ትልልቆቹ ጋ? ኧረ እግሩን እንዳይሰብሩብኝ!"

መልስ ሳፈላልግ ልጁ ከደብተሩ ቀና ሳይል ቀደመኝ።

"ቶሎ እለቃታለሁ እማዬ። አይደርሱብኝም።"