መሃል ላይ የቀረው ግድግዳ

ከጠዋት ጀምሮ ከሰው ጋር ማውራት አስጠልቶኛል። ስልኬን አጥፍቼ ልተኛ ስል ታናሽ እህቴ ፎቶ ላከችልኝ። የአልትራሳውንድ ምስል ነው። «ይኸው፣ ማህፀኔ ይህን ይመስላል» ብላ ጽፋለች። ሌላ ቃል የለም።

መሃሉ ላይ ያለው ነጣ ያለ ቅርጽ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ማለት ነበረበት። የእሷ ግን ለሁለት ተከፍሏል። ከላይ ወደ ታች የወረደ ግድግዳ አለ።

ማህፀን ሲጀመር አንድ አይደለም። ሴት ልጅ ገና በእናቷ ሆድ ሳለች ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው። ቀስ በቀስ ተጠጋግተው ይገጥማሉ። መሃላቸው የቀረው ግድግዳም እስከ 20ኛው ሳምንት ገደማ ይጠፋል። አንዳንዴ ደግሞ ሳይጠፋ ይቀራል።

ይህን ሳስብ ንዴት ያዘኝ። ጽንሱ በጨነገፈ ቁጥር ምን ያልተባለችው አለ? «ከባድ ዕቃ አንስተሽ ይሆናል።» «ጭንቀት ታበዣለሽ።» ራሷም አምናው ነበር። ለመጨንገፉ ሰበቡ ግድግዳው ይሁን አይሁን ሐኪሟ እንኳ እርግጠኛ ሆና አልተናገረችም። ግድግዳው ግን እሷ ሳትወለድ በፊት እዚያ ነበር። ይህን የሚነግራት ሰው እስኪገኝ ስንት ሌሊት አለቀሰች!

መጀመሪያ ያያት ባለሙያ «ባለ ሁለት ቀንድ ማህፀን ነው» ብሏት ነበር። ተራው አልትራሳውንድ ማህፀንን በስስ በስሱ እየቆረጠ ስለሚያሳይ ባለ ግድግዳውና ባለ ሁለት ቀንዱ ይመሳሰላሉ። የሚለያቸው የማህፀኑ አናት ነው፣ ያውም ከውጭ በኩል። ባለ ግድግዳው ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው። ባለ ሁለት ቀንዱ ግን ከውጭም ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። ስሪዲ (ባለ ሦስት ገጽታ) አልትራሳውንድ ማህፀኑን ከፊት ለፊት ስለሚያሳይ ነገሩ ይለያል። መለየቱ ደግሞ የግድ ነው። ግድግዳውን በማህፀን በር በገባ ቀጭን መሣሪያ መቁረጥ ይቻላል። ባለ ሁለት ቀንዱ ላይ እንዲያ ቢደረግ ማህፀኑ ሊበሳ ይችላል።

ለካ አልትራሳውንዱ የሚነሳበት ቀንም ለውጥ አለው። ፖሊፕ፣ ማለትም በማህፀኑ ሽፋን ላይ የምትበቅል ትንሽ እብጠት፣ የሚፈለገው የወር አበባ እንዳበቃ ነው። ያኔ የማህፀኑ ሽፋን ስስ ስለሆነ ትንሿም እብጠት አትደበቅም። ካጠራጠረ በቀጭን ቱቦ ጨዋማ ውሃ ይጨምሩና ውስጡን ገለጥ አድርገው ያያሉ። ለቅርጹ ግን የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ያሉት ቀናት ይሻላሉ። ሽፋኑ ስለሚወፍር ነጭ ሆኖ ይጎላል። ይህን ለሴቶች ቀድሞ የሚነግር ቢኖር ስንት ምልልስ በቀረ።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ይቆረጥ ወይስ ይተው? ብዙ ሐኪሞች ለዓመታት ያለ ብዙ ጥያቄ ይቆርጡት ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ግን ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ሲያወዳድር፣ የተቆረጠላቸው ልጅ በመውለድ ብልጫ አላሳዩም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ የተሳተፉት 80 ገደማ ናቸው። የመጨረሻ መልስ ሊባል አይችልም። ችላ የሚባልም አይደለም።

ሐኪሟ ውሳኔው የአንቺ ነው ብላታለች። ልክ ናት። እሷ ግን የምትጠይቀው እኔን ነው። ሳይነካ አንዴ ሞክሪ ብላትና እንደገና ብታጣስ? አስቆርጪው ብላትስ፣ ያለ ጥቅም አስነክቻት ቢሆን?