ደሴ ላይ ቱ ዱ ሊስት (የዕለት ስራ ዝርዝር) ይዞ መኖር፣ በኔ የደረሰውን ልንገራችሁ

ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የህትመት ሱቅ አለችኝ፣ የሰርግ ካርድ፣ ማህተም፣ ቲሸርት ላይ ማተም ምናምን። ድሮ ስራውን ሁሉ በጭንቅላቴ ነበር ምይዘው፣ አልረሳም ባይ ነኝ። አንድ ቀን ግን ኮምቦልቻ ቲሸርት ላደርስ ወረድኩ፣ ስደርስ ደረሰኙን ሱቅ ረስቼዋለሁ፣ ሰዎቹ ደግሞ ያለ ደረሰኝ አንከፍልም አሉ (ልክ ናቸው)፣ ተመልሼ ወጣሁ ይዤ ወረድኩ እንደገና ወጣሁ፣ በቃ ሐረጎን (የደሴ ኮምቦልቻን ዳገት) በአንድ ቀን አራቴ! አንዱ ጉዞ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው እንግዲህ አስሉት፣ ላይ ጉም ነው ጃኬት ትለብሳለህ፣ ታች ሙቀት ነው ጃኬቱን ተሸክመህ ትዞራለህ። ያን ማታ ደብተር ገዛሁ።

መጀመሪያ ያረኩት ስህተት ሁሉንም ነገር መፃፍ ነው። 17 ስራ ፅፌ ቀላል ቀላሉን እየመረጥኩ ነበር ምሰራው፣ አንዳንዴማ የሰራሁትን ስራ ፅፌ ወዲያው እሰርዘዋለሁ፣ "ሱቅ መጥረግ" ብዬ፣ ለመሰረዝ ደስታ ብቻ 😂 ከዛ ዩቱብ ላይ የአይዘንሃወር ሰንጠረዥ ሚባለውን አየሁ፣ አራት ሳጥን ነው፣ አስቸኳይና አስፈላጊ፣ አስፈላጊ ግን ማያስቸኩል እያለ ይሄዳል። የኔ ስራ በሙሉ አንደኛው ሳጥን ውስጥ ገባ፣ በጥር የሰርግ ካርድ ታትሞ ማያልቅለት ሰው ምኑን ነው "ማያስቸኩል" ሚለው? ከዛ ይሻል የነበረው አይቪ ሊ ሚባል አሜሪካዊ ከ100 አመት በፊት ለነጋዴዎች መከረ ሚባለው ነው፣ ማታ 6 ስራ ብቻ ትፅፋለህ፣ በቅደም ተከተል፣ ጠዋት ከአንደኛው ትጀምራለህ፣ እሱን ሳትጨርስ ሁለተኛውን አትነካም። እሱን ያዝኩ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አንደኛውን ልጀምር ኮምፒውተር ከፈትኩ፣ መብራት ጠፋ። ቁጭ አልኩ። አንደኛውን ሳልጨርስ ሁለተኛውን አልነካማ!

ጎረቤቴ ቡና ምታፈላው እትዬ አይታኝ "አንተ ልጅ ወረቀቱን ነው ምትሰራው ወይስ ስራውን" አለችኝ፣ ያኔ ነው የገባኝ። የኔን ስራ ሚያስቆመው የአስፈላጊነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ስራው ምን ይፈልጋል ነው ጥያቄው። አሁን ገፁን አራት ቦታ እከፍለዋለሁ፣ መብራት ሚፈልግ (ዲዛይን፣ ህትመት)፣ መብራት ማይፈልግ (ካርድ ማጠፍ፣ ሂሳብ፣ ወረቀት መቁረጥ)፣ ኮምቦልቻ፣ እና "ሰው" ሚል። ሰው ሚለው ሌላ ሰው ካልመለሰልኝ ማይንቀሳቀስ ነው፣ ለምሳሌ ሙሽሮቹ የስማቸውን ፊደል አይተው እሺ እስኪሉ። እሱን ጠዋት ቴሌግራም ላይ ልኬ እረሳዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ድሮ እናደድ ነበር፣ አሁን ገፁን ወደ ታች አያለሁ በቃ። ኮምቦልቻ ደግሞ 4 ወይ 5 ነገር ሳይጠራቀም አልወርድም፣ ሰኞም አልወርድም፣ የሰኞ ገበያ ቀን ሱቅ ትቶ ሚሄድ እብድ ነው። አርብ ቢሮ ጉዳይ ካለኝ ከ5፡30 በፊት ነው፣ ከዛ እስከ 7፡30 ዝግ ነው።

የስልክ ማስታወሻም ሞክሬ ነበር። 8 ሰዓት ማደርሰው ባነር ነበረኝ፣ 8፡00 ብዬ ሞላሁት፣ ስልኩ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጥርሴን ስፍቅ ጮኸ፣ ዘጋሁት፣ ከሰዓት 8 ሰዓት ደንበኛው ራሱ ጮኸ። እስካሁን 6 ሰዓት መቀነሱን እሳሳታለሁ ስለዚ ደብተር ይሻለኛል።

የቱን ላስቀድም ሚለው ላይ ግን ብዙ ጊዜ ተሸውጃለሁ። "ዛሬ ካልሰራሁት ማን ይጮህብኛል" ብዬ ነበር ምመርጠው፣ ታዲያ ሚጮኸው ሰው ሁሌ አንደኛ ይሆናል ዝም ያለው ይቀራል። ግብር ደግሞ አይጮህም። 2015 ላይ ደረጃ ሐ ግብር ከፋይ ነበርኩ፣ ከሐምሌ 1 እስከ 30 ሙሉ ወር ነበረኝ፣ በየቀኑ ወደ ነገ እያሻገርኩ 29 ላይ ሄድኩ፣ ሰልፉን ባያችሁት፣ ሁለት ቀን ሱቅ ዘግቼ ነው የጨረስኩት። አሁን ስልክ ሳልከፍት አንድ ማይጮህ ስራ ጠዋት እሰራለሁ፣ ግማሽ ሰዓትም ቢሆን።

ከሰዓቱን ደግሞ ሆን ብዬ ግማሹን ባዶ እተወዋለሁ። ለቅሶ አለ፣ የታመመ መጠየቅ አለ፣ እትዬ ቡና ስትጠራህ ሊስት አለኝ አትላትም። ትናንት 5 ፅፌ 3 ሰራሁ፣ አንዱ "ሰው" ጋ ነው፣ አንዱ ለኮምቦልቻ ሐሙስ። ከመስከረም ጀምሮ በየሳምንቱ እየተሻገረ ያለ ደግሞ አንድ አለ፣ የሱቄ ታፔላ ደብዝዟል፣ የሰው ሁሉ ማስታወቂያ እየሰራሁ የራሴ አይነበብም። እሱ ማይጮህም መብራትም ማይፈልግ ስራ ነው፣ ምን ሰበብ እንደማገኝለት እንጃ።