ለክረምቱ ሥራ የድሬ ነዋሪ ይቅደም፤ ነዋሪነቱ ግን በምን ይለካ?

ክረምት ሲቃረብ በድሬዳዋ የመንግሥት ጊዜያዊ ሥራ ይበዛል። የደቻቱን ወንዝ ደለል ለሚጠርግ፣ በችግኝ ጣቢያ ለሚውል ወይም በወባ መከላከል ለሚሰማራ የኮንትራት ሠራተኛ ቅጥር ሲወጣ፣ መመዘኛውን ካሟሉት መካከል ለከተማው ነዋሪ ቅድሚያ መስጠት ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን የምለው ለወገን በማድላት አይደለም። በሐምሌ 1998 ሌሊት ከሐረርጌ ተራሮች የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚከርም ወንዝ ነበር፤ ውኃው በየትኛው ጥግ ጥሶ እንደሚገባ አጥርቶ የሚያውቀው ከዳር የኖረ ሰው ነው። በ2014 ወባ በከተማዋ ሲዛመት ትንኟ አኖፊለስ ስቴፈንሲ መሆኗ ተረጋግጧል፤ እርሷ ደግሞ ሰው ውኃ በሚያጠራቅምበት በርሜልና ሮቶ ውስጥ ስለምትራባ፣ ሥራው በር አንኳኩቶ ጓሮ ድረስ መግባትን ይጠይቃል። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ሰላም ብሎ የሚገባ የሰፈር ልጅ በቀላሉ ይከፈትለታል፤ ለማደሪያም ውሎ አበል አይጠይቅም።

የሚያሳስበኝ ነዋሪነት በትውልድ ወይም በብሔር እንዳይለካ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ኢትዮጵያዊ በመረጠው የሀገሪቱ ክፍል ሠርቶ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። ድሬዳዋ ራሷ ባቡሩ በ1895 ሲደርስ ከየአቅጣጫው ለሥራ በመጡ ሰዎች የተመሠረተች ከተማ ናት፤ ስለዚህ እዚህ ተከራይቶ የሚኖር፣ ልጁን እዚህ የሚያስተምር ሰው የትም ይወለድ የት ነዋሪ ነው።

የቀበሌ መታወቂያ ብቻውን ይህን አያሳይም። መታወቂያውን ይዞ ሌላ ከተማ የሚኖር ሰው ይኖራል፤ አከራዩ ስላልመሰከረለት መታወቂያ ማውጣት ያቃተው ተከራይም ይኖራል። ስለዚህ የኪራይ ውል፣ የልጅ ትምህርት ቤት ማስረጃ ወይም የጎረቤት ምስክርነት እንደ ማስረጃ ቢያዝ፣ ስድስት ወር የኖረም በቂ ነው ቢባል እመርጣለሁ። ማስታወቂያውም በመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ብቻ ሳይሆን በየቀበሌው ይለጠፍ፤ እኩል ነጥብ ያመጡ ነዋሪዎች በዕጣ ይለዩ። የተመረጡት ስም ከነነጥባቸው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ወጥቶ ቅሬታ መቀበያ ቀናት ሊኖሩት ይገባል፤ ለሦስት ወር ቅጥር የቀረበ አቤቱታ በሁለተኛው ወር ቢታይ፣ ተበዳዩ ቢረታ እንኳ የሚተርፈው የአንድ ወር ደመወዝ ብቻ ነው።