ሰፌድ ላይ የተሰጣ ሞተር

ጎንደር ላለብን ሰርግ ጥቂት ቀን ሲቀር አሮጌዋ መኪናዬ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረች። መካኒኩ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ አዳመጠና «ካምሻፍትና ሮከር ይውረድ» ብሎ ፈረደ። ካምሻፍት ካም በሚባሉ ጉብታዎቹ የሞተሩን ቫልቮች የሚያስከፍት ዘንግ ነው፤ ሮከር ደግሞ የካሙን ግፊት ለቫልቩ የሚያደርስ ትንሽ ክንድ። ጋራዡ ወረፋ ስለ ነበረው ሥራው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር፣ አክስቴ ግቢ ውስጥ ሆነ።

መካኒኩ ሥርዓት ወዳድ ነው። ቺንጋውን ከማውለቁ በፊት ምልክቶቹን አጋጠመ። የካምሻፍቱን ማቀፊያ ቡሎኖችም ከዳር ወደ መሐል፣ ጥቂት በጥቂት አላላ። በአንድ ወገን ብቻ ከተፈታ የቫልቭ ሞላዎቹ ገፍተው ሊሰብሩት ይችላሉ። ማቀፊያዎቹ ቁጥር ተቀርጾባቸዋል፤ ስምንቱ ሮከሮች ግን ምንም የላቸውም። ስለዚህ ካርቶን ቀዶ ከ1 እስከ 8 ጻፈና በየተራቸው ደረደራቸው። «እያንዳንዱ ከገዛ ካሙ ጋር ተፋጭቶ ተላምዷል፤ ከተቀያየሩ ይበላላሉ» አለኝ። ከዚያ ቆሮሶ ዓሣ ልንበላ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። የጣና ዳር ዓሣ ጠባሾች ደግሞ የሚቸኩል ሰው አይተው አያውቁም።

ስንመለስ ካርቶኑ የለም።

«ያን ሁሉ ጥላሸት አይቼ አላስቻለኝም» አሉ አክስቴ፣ እጃቸውን እያደራረቁ። «በአመድ ፈትጌ፣ በሳሙና አለቀለቅሁት።» ሮከሮቹ ሰፌድ ላይ ተሰጥተው እንደ ሙሽራ ማንኪያ ያብለጨልጫሉ። ካርቶኑስ? ለቡናችን ከሰል ተቀጣጥሎበታል።

መካኒኩ ቆቡን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ። ቆጠረ። ሰባት።

ስምንተኛውን ፍለጋ ዶሮዎቹን ከማደሪያቸው አስወጣን፣ የአመዱን ክምር በወንፊት ነፋን። በመጨረሻ ጓሮ ተገኘ፤ የብርበሬውን ላስቲክ የሐይቁ ነፋስ እንዳይገልጠው ተጭኖበት።

«እሱን እንኳ ተዉልኝ፣ ልክ መጠኑ ነው!»

«እትዬ፣ ያለ እሱ በሦስት ሲሊንደር ነው ሰርግ የምንሄደው።»

እስኪመሽ ድረስ መካኒኩ የእያንዳንዱን ሮከር የተበላ ፊት በባትሪ እያየ ከካሞቹ ጋር አመሳከረ፤ ጠባብ የተበላውን ለጠባብ፣ ሰፊውን ለሰፊ። ሳሙናው ዘይት የሚባል ስላላስቀረላቸው ሁሉንም እንደገና ዘይት ቀባ። ቡሎኖቹን አሁን ከመሐል ወደ ዳር አጠበቀ፣ የቫልቩን ክፍተት ለካ፣ ሞተሩንም በእጁ 2 ሙሉ ዙር አዞረው። ካምሻፍቱ አንድ ዙር የሚጨርሰው ያን ጊዜ ነውና የሚጋጭ ነገር ካለ እዚያው ይታወቃል። ምንም አልነካም።

ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ያለ አንዳች ቀጭታ ተነሣ። መካኒኩ ከጥፍሩ እስከ ክርኑ በዘይት ተነክሮ ፈገግ ሊል ሲል አክስቴ ቀደሙት።

«አላልኳችሁም? ቆሻሻ ነበር ያሳመመው።»

በማግስቱ ጎረቤታችን የባጃጁን ካርቡሬተር በፌስታል ይዞ መጣ። እኔንም መካኒኩንም አልፎ በቀጥታ ወደ አክስቴ ሄደ።