በሪአክተሩ ማንሆል (የሰው መግቢያ ቀዳዳ) የማይወጣ ዕቃ ውስጥ አይግባ

በነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ ናፍታን (ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣውን ቀላል ፈሳሽ እንጂ የመኪናውን ናፍጣ አይደለም) ወደ ከፍተኛ ኦክቴን ቤንዚን የሚቀይሩ ሪአክተሮች፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጡ የሚካሄድባቸው ትልልቅ የብረት ጋኖች፣ አሉ። በብዙዎቹ ወደ ጋዝ የተቀየረው ናፍታ ከግድግዳው ዙሪያ ተነስቶ ካታሊስቱን (ለውጡን የሚያፋጥኑትን ትናንሽ ፍሬዎች) አግድም ያልፍና መሃል ወደቆመው ቀዳዳማ ቧንቧ ይገባል። የግፊት ብክነቱ ትንሽ ነው። አሪፍ አሠራር ነው።

ጣጣው ካታሊስቱን የሚይዙት ወንፊቶች ላይ ነው። ፍሬዎቹ 1.6 ሚሊሜትር አካባቢ ናቸው፤ መገጣጠሚያው ትንሽ ከተከፈተ ፕላቲነም ያለበት ውድ ዕቃ አምልጦ ይሄዳል። ስለዚህ ዲዛይን ስንሠራ ይህ ክፍል አንድ ቀን ይበላሻል ብለን እንነሳ።

ዙሪያውን የሚሸፍን አንድ ትልቅ ወንፊት ሲጎዳ በማንሆሉ አይወጣም፣ እዚያው ውስጥ ቆራርጦ ማውጣት ነው ያለው። እኔ ስካሎፕ የሚባሉትን እመርጣለሁ፦ ግድግዳውን ተደግፈው ጎን ለጎን የሚቆሙ፣ በመወጠሪያ ቀለበት የሚያዙ ረጃጅም ቱቦዎች። አንዱ ቢጨፈለቅ እሱን ብቻ መቀየር ይቻላል።

ሙቀቱንም አትርሱ። 10 ሜትር የማይዝግ ብረት ቱቦ 500 ዲግሪ ሲደርስ ከ8 ሴንቲሜትር በላይ ይረዝማል፣ የክሮም ብረት ግድግዳው ግን ያን ያህል አይረዝምም፤ ስለዚህ ቱቦው ላይና ታች ከታሰረ ይጎብጣል፣ አንዱ ጫፍ የሚንሸራተትበት ቦታ የግድ ያስፈልገዋል።

ደግሞ በቦልት የሚታሰረውን አትበይዱ! በእንዲህ ዓይነት ግድግዳ ላይ መበየድ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ከብየዳ በኋላ እንደገና ማሞቅና መመርመር ማለት ነው፣ ፋብሪካው ቆሞ እየጠበቀ።